ጎረቤት ያጣ ኑግ

አዲስ አበባ
ሰኔ 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

እኅቴ ገለቴ፣

ደብዳቤሽም የእማዬ ቅቤም ገባልኝ። ጎረቤታችሁ ቢሆነኝ ወልድያ ላይ የሰጠው ሾፌር መሥሪያ ቤቴ በር ድረስ አምጥቶ አስረከበኝ። እንደ እሱ ያለ ጎረቤት አይጥፋችሁ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ደርበውንም ሰላም በይልኝ፤ ሠርጋችሁ ላይ ያልተገኘች እኅት ሰላምታ ለመላክ ብታፍርም።

«ኑግ ለማየት አዲስ አበባ ድረስ ምን አስኬዳት?» ብላ እማዬ መሳቋን ሳነብ እኔም ሳቅሁ። እንዲህ ብለሽ አስረጃት። ገብስ አንዲት ዛላ ብትተርፍ ከእሷ ተነሥቶ ማሳ ይሞላል። አበባው ገና በእቅፉ ሳለ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ንብ አይጠብቅም፣ ጎረቤት አይለምንም። ኑግ ግን እንዲያ አይደለም። የገዛ አበባው ዱቄት በላዩ ቢያርፍ ያውቀዋል፣ አይቀበለውም። የሚቀበለው ከሌላ ኑግ በንብ እግር የመጣለትን ነው። ሌላ ኑግ በአካባቢው ከሌለ ቢጫ አበባውን አሳምሮ ይከርምና ፍሬ ሳይቋጥር ይደርቃል። እኛ እስከ ሰባት ቤት ቆጥረን እንደምንጋባው እሱም ይቆጥራል በያት፤ ይገባታል።

ሆኖም አልፎ አልፎ የማይቆጥር ይወለዳል ይባላል። አለቃዬ ዶክተር አብዱልሀሚድ ያንን ፈልጊ ብሎኛል። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ወሎ ምን እንደሆነች በዓይኑ ያየ። «ንብም ጎረቤትም በጠፋ ቀን የሚያፈራ ኑግ ቢኖረን» ይላል፤ ከዚያ በላይ ስለዚያ ዘመን አያወራም።

ከዚህ ጋር ያለው ከላስታ የተሰበሰበ ዘር ነው። ከምንጩ ሥር ባለችው ርጥብ መሬት ዝሪልኝ። አበባው ሊፈነዳ ሲል ጥቂት ጥቂቱን እንቡጥ በላክሁልሽ ሻሽ ሸፍኚው፤ ንብ እንዳይደርስበት። በመኸር ከሻሹ ሥር ፍሬ ካገኘሽ ጻፊልኝ። በዚህ ነገር ከአንቺ ሌላ የማምነው የለኝም።

የሻረግ


ገነተ ማርያም
ኅዳር 4 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ የሻረግ፣

እኔ መምጣት ስላልቻልሁ ይህ ወረቀት በእኔ ፋንታ እጅ ይንሣሽ። እኛ ጋ ሰውም ከብትም አማን ነው።

እንዳልሽው አደረግሁ። ሻሹን ሳለብሰው እማዬ መጥታ አጠገቤ ቆመችና «ምን በደለሽና ትገንዢዋለሽ?» አለችኝ። «የእትዬ ትእዛዝ ነው» አልኋት። ሄዳ ለአባ ገብረ ሊባኖስ «ልጄ ቀለም ቢበዛባት አበባ ታስገንዝ ጀመር» ብላ ነገረቻቸው። እሳቸው ግን ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር የሰቀሏቸውን ቀፎዎች እያዩ «ንቦቼ ወደውታል፤ ዘንድሮ ማር ከቆረጥሁ የሻረግ ድርሻ አላት» አሉ። እውነትም በጥቅምት ማሳው በንብ ድምፅ ይነዝር ነበር።

ከሻሹ ሥር የነበሩት ባዶ ናቸው። አሸሁት፤ ገለባ ነው። ተስፋ ቆርጬ ልተወው ስል ከቋጥኙ ጥግ የበቀለች አንዲት አጭር ኑግ፣ አበባዋም ከሌሎቹ ያነሰ፣ ሻሿ ከብዶ አገኘሁት። ፈትቼ ባራግፈው ጥቁር ፍሬ መዳፌ ላይ ፈሰሰ። ደርበውን ጠርቼ አሳየሁት። «ይቺስ ባል አትሻም» አለና ሳቀ። ማታ ለቢሆነኝም ሲነግረው ሰማሁ፤ ሁለቱም ሳቁ።

እማዬ ግን አልሳቀችም። «ዘመዱን ያገባ ሰው ዘሩ አይበረክትም። የዚችስ ይበረክታል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ» ብላለች። እንግዲህ ጥያቄው የእሷ ነው።

ከፍሬው ግማሹን ልኬልሻለሁ፤ ግማሹን በቅል አኑሬዋለሁ።

ስለ ደርበው ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ነው። ስብሰባ በዝቶበታል። ወጣት ወጣቱን እየመዘገቡ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ አልጽፍም። እማዬ ትንሽ ታስላለች፤ የጥቅምት ብርድ ነው።

ገለቴ


አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 20 ቀን 1976 ዓ.ም.

ገለቴ፣

ዘሩ ደረሰኝ። ዶክተር አብዱልሀሚድ መስኮቱ ሥር ወስዶ በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግቶ ሲያየው ቆየና «አብሽሪ የሻረግ፣ አግኝተሻታል» አለኝ። እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

የእማዬን ጥያቄም ይዤለት ገባሁ። «እውነቷን ነው» አለ። ራሱን በራሱ የሚያዳቅል ዘር በመጀመሪያ ይደክማል። በቅይጡ ውስጥ ተሸሽጎ የኖረው በሽታና ጉድለት ሁሉ ይወጣበታል፤ ብዙው ይሞታል። የሚተርፈው ግን ብቻውን ቢቀርም መውለድ ይችላል። ነገሩ የሚጀምረው በክፉ ዘመን ነው። ንብ በጠፋበት ዓመት የሚቆጥሩት ኑጎች ሁሉ መካን ሆነው ይቀራሉ፤ ያቺ የማትቆጥረው ብቻ ትወልዳለች። በቀጣዩ ዓመት ማሳው የእሷ ልጆች ነው ማለት ነው። ክፉው ዘመን ከቆየ፣ በብዙ ትውልድ፣ አበባው እያነሰ፣ ሽታው እየጠፋ፣ ማሩ እየደረቀ ይሄዳል። ለማይመጣ እንግዳ ማን ይደግሳል? ገብስም በጥንት ዘመን እንዲህ ባለ መንገድ ሳያልፍ አልቀረም ይላል። አንዴ ከለመደው ግን መመለስ አስቸጋሪ ነው። ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆናል፤ ያኔ አንድ በሽታ ቢመጣ ሁሉንም ጠርጎ ይወስዳል።

አሁን የሚያስፈልገን የዚያችን ኑግ ልጆች ለብቻቸው መዝራት ነው። ንብ ሩቅ ትበራለችና ከሌላ ኑግ ቢያንስ አንድ ተራራ የሚለየው ቦታ ይሻላል። እንዲያ ያለ ቦታ ታገኚልኝ ይሆን? ዶክተር «ላስታ ውስጥ አይገኝም። ሰው ባለበት ሁሉ ኑግም ንብም አለ» ይላል። እስቲ አንቺ ሞክሪ።

ለእማዬ ሳል ሽሮፕ ልኬያለሁ፤ ጠዋትና ማታ በማንኪያ ትጠጣ።

የሻረግ


ገነተ ማርያም
ሐምሌ 12 ቀን 1976 ዓ.ም.

እትዬ፣

የግንቦቱን ደብዳቤሽን አገኘሁ። ብዙ ጠይቀሽኛል፤ የቻልሁትን እመልሳለሁ።

በልግ አልዘነበም። ስለ በሬዎቹ አታስቢ፤ ከእንግዲህ ገለባ አያስፈልጋቸውም። ዘርሽን ዘርቼዋለሁ፤ መሬቱን በዶማ ነው የቆፈርሁት። እኔው ነኝ የቆፈርሁት። ደርበው በግንቦት ተጠርቶ ሄደ።

እስከ ወልድያ የሸኙት ሰዎች ጸጉሩን ተላጭቶ መኪና ላይ ሲወጣ አይተውታል። «ለገለቴ ንገሩልኝ፣ ከቤቷ እንዳትነቃነቅ። ስመለስ የት ብዬ አገኛታለሁ?» ብሏቸዋል። ወደ ሰሜን ነው የወሰዷቸው። አንቺ ለወሬ ቅርብ ነሽና የሰማሽው ነገር ካለ አትሸሽጊኝ።

ራቅ ያለ ቦታ ያልሽውን አላገኘሁም። እማዬን ጥዬ ወዴት እርቃለሁ? እዚያው ከምንጩ ሥር ነው የዘራሁት። የቢሆነኝ ኑግ ከአጥሩ ማዶ አለ፤ የአባም ንቦች አሉ። ካልጠቀመሽ ይቅር በይኝ።

እማዬ ሽሮፑን ጠጥታ ጨርሳለች። ሰላም ብላሻለች።

ገለቴ


አዲስ አበባ
መስከረም 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ገለቴ እኅቴ፣

ስለ ደርበው የጻፍሽውን አነበብሁ። በዚህ ወገን ያሉትን ሁሉ ጠያይቄያለሁ፤ የሚናገር የለም። መጠየቄን ግን አልተውም።

እዚህ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሲከበር ሰነበተ። በየአደባባዩ ቅስት ቆሞ መብራት ተሰቅሎበታል፤ እኛም ሰልፍ ወጥተናል። የወሎ ነገር በሬዲዮ አይነሣም። የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ግን ከደሴ ሲመለስ በኬላው አጠገብ መንገድ ዳር የተኛ ሰው አየሁ አለ፤ ሴትም ሽማግሌም፣ ወደ ከተማ እንዳይገቡ ተከልክለው። «የየት አገር ሰዎች ናቸው?» ብዬ ጠየቅሁት። «የእናንተው ናቸው» አለኝ። ዶክተር አብዱልሀሚድ ይህን ሲሰማ ቢሮው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ኑጉን ተዪው። ከደረሰ ብሉት፤ ካልደረሰም ጥለሽው ነዪ። እማዬን እንደምንም ወልድያ አድርሻት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔ እፈልጋለሁ። ለምኜሻለሁ። ስለ እማዬ ደግሞ «ሰላም ብላሻለች» ብቻ አትበይኝ። ትበላለች? ትነሣለች?

የሻረግ


ገነተ ማርያም
ኅዳር 21 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ የሻረግ፣

ከክረምት ወዲህ አንድም ደብዳቤ አልመጣልኝም። መንገዱን አንድ ጊዜ አንዱ፣ አንድ ጊዜ ሌላው ይዘጋዋል። ይህን ይዘው የሚሄዱት እማሆይ ወለተ ሐና ናቸው፤ በእግራቸው ወልድያ ለመግባት ተነሥተዋል። አዲስ ደብዳቤ ስለሌለኝ ያለፈውን የታኅሣሡን አውጥቼ ለእሱ እመልስልሻለሁ።

ኑግሽ ደርሷል። ዝናቡ ጀምሮ ተወው፤ ከምንጩ በቅል እየቀዳሁ አጠጣሁት። ብዙው ደረቀ። የተረፈው ቁመቱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ አበባውም ከአውራ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም። ሻሽ አላለበስሁትም። ሻሹን ለሌላ ነገር ፈልጌዋለሁ።

ሻሽም አላስፈለገው። ንብ አልመጣበትም፤ የአባ ገብረ ሊባኖስ ንቦች በነሐሴ ተነሥተው ሄደዋል፣ ቀፎው ባዶ ነው። ከእሱ ሌላም ኑግ በአካባቢው አላበበም። እንዲያም ሆኖ የተረፈው ሁሉ ፍሬ ቋጥሯል። እያሸሁ አየሁት፤ ገለባ የሆነ የለም። ለዶክተርሽ ላስታ ውስጥ አይገኝም ያለው ቦታ ተገኘ በይው።

ከፍሬው በእማሆይ እጅ ልኬልሻለሁ።

እማዬ ዐርፋለች፤ ስለ ሳሏ አትጨነቂ።

ገለቴ


አዲስ አበባ
ጥር 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ገለቴ፣

ከዚህ በፊት ሌላ ደብዳቤ ጽፌልሽ ነበር። የደስታ ነበር፤ ቀድጄዋለሁ።

እማሆይ የላኩት ጥቅል በደረሰኝ ማታ ነበር የጻፍሁት፤ ሲነጋ ወደ ዶክተር አብዱልሀሚድ ቢሮ ሮጥሁ። ዘሩን አፈሰሰው፣ አገላበጠው፣ ደስ አለው። «ደብዳቤውን አንብቢልኝ» አለኝ፤ አነበብሁለት። ጨርሼ ቀና ስል ፊቱ ተለውጧል።

«ኑጉን የት ነው የዘራችው?» አለኝ።

«ከምንጩ ሥር።»

«ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ኑግ አለ ብላሽ አልነበረም?»

«ድርቁ መትቶት ይሆናል» አልሁት።

«የእሷ በቅል ውኃ ተርፏል። ጎረቤቷስ ቅል የለውም?» አለና ዘሩን ወደ ጥቅሉ መለሰ። ከዚያ «የሻረግ፣ ኑጉን ተዪው። ጎረቤቱ የት ሄደ?» አለኝ።

ገለቴ፣ እዚህ አገር የተማርሁት እውቀት ሁሉ ፍሬውን እንጂ አጥሩን አላሳየኝም። እሱም «ስለ እናትሽ የጻፈችውን ደግመሽ አንብቢ» አለኝ። አነበብሁት። እኔ ከሳሏ ዐርፋለች ብዬ ነበር የተረዳሁት። እሱ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም።

እማዬ አለች? ቢሆነኝስ? ልጆቹስ? ለኑጉ ብለሽ ከሆነ እዚያ የቀረሽው ይህንንም ጻፊልኝ። በግልጽ ጻፊልኝ።

የሻረግ


ገነተ ማርያም
መጋቢት 3 ቀን 1977 ዓ.ም.

እትዬ፣

የመስከረሙም የጥር ወሩም ደብዳቤ አንድ ላይ ደረሱኝ። የእርዳታ እህል ይዞ ላሊበላ የገባ ሾፌር ነው ያመጣቸው።

እማዬ በጥቅምት፣ በሚካኤል ማግስት ሞተች። በግልጽ ያልጻፍሁልሽ ወረቀት ይዘሽ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነው። መርዶ ጠዋት፣ በሰው መካከል ነው የሚነገር። እኔ ደግሞ የምልከው ሰው አልነበረኝም።

እንግዲህ የሆነውን ልንገርሽ። በነሐሴ አገሩ መነሣት ጀመረ። ኮረም እህል ይታደላል ተባለ፤ ቤቱን በእሾህ እየዘጋ ሰው ሁሉ ሄደ። ቢሆነኝ ልጆቹን በአህያው ጭኖ በራችን ላይ ቆመ። «ገለቴ ተነሺ፤ አሮጊቷን በየተራ እንሸከማታለን» አለኝ።

እማዬ ከመደቧ ላይ ሆና «እኔን ተሸክመህ ልጆችህን ልታስጨርስ ነው? መንገድህን ሂድ፣ ማርያም ትከተልህ» አለችው። ወደ እኔም ዞራ «አንቺ ግን ተነሺ» አለችኝ።

«ደርበው ከቤትሽ አትነቃነቂ ብሎኛል» አልኋት።

«እሱ ቤቴ የሚለው ይሄን ጎጆ መሰለሽ? አንቺን ነው።»

እኔ ግን ቀረሁ። እሷን ትቼ መሄድ ስላልሆነልኝ ነው፤ ለኑግሽ ብዬ አይደለም። ይህን ደግመሽ እንዳታነሺብኝ።

ቢሆነኝ ሲሄድ ኑጉ ገና ቡቃያ ነበር። ባለቤት ያጣ ፍየል ገብቶ በላው። ከዚያ በኋላ አበባ የነበረው ያንቺ ብቻ ነው። እሱ በሚያብብበት ሰሞን እማዬ መብላት ተወች። ያለችውን ገብስ ቆልቼ ስሰጣት በመዳፏ ይዛ ትቆይና ለእኔ መልሳ ታስጨብጠኛለች። «ላንቺ ነው» ትላለች።

ቃሬዛ የሚይዝ ወንድ አልነበረም። አባ ገብረ ሊባኖስ ፍትሐቷን ብቻቸውን ደገሙ፤ እኔና እማሆይ ወለተ ሐና ከሁለት ሴቶች ጋር ተሸከምናት። ሻሹ ለእሷ ሆነ።

ወዳንቺ ያልላክሁትን ኑግ እየቆላሁ በጨው እየወቀጥሁ በላሁት። በሕይወት ያለሁት በእሱ ነው።

ቢሆነኝ ኮረም ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሚስቱና ልጆቹ ደርሰው ነበር ይላሉ፤ ከዚያ ወዲያ የሚያውቅ የለም።

አሁን መተከል ወደሚባል አገር ለሰፈራ የሚሄድ ሰው እየጻፉ ነው። መሬቱ ሰፊ ነው፣ ዝናብ አለ ይላሉ። በግድ የሚወሰድም አለ። እኔ ግን ወድጄ ተጽፌያለሁ፤ እዚህ ጭስ የሚወጣበት ቤት አይታየኝም። ደርበው ቢመጣ እንዲነግሩት ለአባ ቃል ትቻለሁ። አንቺም የሰማሽው ካለ ላኪልኝ።

ገለቴ


አዲስ አበባ
ሰኔ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለገለቴ፣ መተከል፣ በለስ

እኅቴ፣ ሁለቱም ደብዳቤሽ ደርሶኛል። የመንደርሽ ስም ቁጥር ብቻ መሆኑ ገረመኝ፤ በፖስታው ላይ ስጽፈው የሰው ቤት የማይደርስ ይመስለኛል። ስለ ሙቀቱና ስለ ወባው የጻፍሽውን አንብቤ ክኒን ልኬልሻለሁ፤ እንደታዘዘው ዋጪው፣ ሲሻልሽ አታቋርጪው።

የእማዬን መርዶ እንዴት እንደሰማሁ ጠይቀሽኝ ነበር። ደብዳቤሽን ለብቻዬ አነበብሁት። ከዚያ ሥራ ገብቼ ለዶክተር አብዱልሀሚድ ሰጠሁት። በማግስቱ ጠዋት ሚስቱን ሂንድንና የመሥሪያ ቤቱን ሰዎች ይዞ እቤቴ መጣ፤ እንደማላውቅ ቆጥሮ በሥርዓቱ አረዳኝ። ሂንድ እስከ ሳልስቱ ከእኔ ጋር ሰነበተች።

ኑግሽን እዚህ ዘራነው። ንብ በማይገባበት መረብ ሥር ነው፤ ሁሉም አፈራ። የፍሬውን ልጆች ደግሞ ስንዘራ ግን እማዬ ያለችው ሆነ። አንዳንዱ ነጭ ሆኖ በቅሎ ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። አንዳንዱ አበባ ሳያወጣ ቀረ። የተረፈው ጥቂት ነው፤ አጭር ነው፤ ግን ቆሟል። ዶክተር «ከእንግዲህ አይሞትም፤ የሚሞተው ሞቷል» ይላል። ዘሩ በቀዝቃዛው መጋዘን ገብቷል። ከፈለግሽ ከእሱ ልላክልሽ፤ እዚያ ብትዘሪው ያፈራልሻል።

ምግብሽን አትተዪ። ውኃ አፍልተሽ ጠጪ።

የሻረግ


በለስ
መስከረም 20 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ፣

ክኒኑ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ከዚህ መንደር በጻፍሁልሽ ሁሉ ስለ ደርበው ጠይቄሻለሁ። አንቺ ስለ ኑግ ትመልሽልኛለሽ። ድሮ «ጠያይቄያለሁ፣ የሚናገር የለም» ትይኝ ነበር። አሁን እሱንም አትዪም።

እኔም ለአንቺ ስለ ኑግ ብቻ የጻፍሁበት ጊዜ ነበር። ለምን እንደነበር ታውቂዋለሽ።

ጻፊልኝ።

ገለቴ


አዲስ አበባ
ጥቅምት 15 ቀን 1979 ዓ.ም.

ገለቴ እኅቴ፣

ይህን ደብዳቤ ለአንቺ አልላክሁትም። የላክሁት ለመንደራችሁ ቄስ ነው፤ ሰው ሰብስበው ጠዋት እንዲያነቡልሽ። እንግዲህ አሁን ሰው ከብቦሽ ነው የምትሰሚው።

ደርበው ሞቷል።

የነገረኝ ጋሻዬ የሚባል የብልባላ ሰው ነው፤ ከደርበው ጋር በአንድ ቀን የተጠራ። እግሩን አጥቶ እዚህ ሆስፒታል ተኝቶ ከረመና በሚያዝያ 1977 በክራንች መሥሪያ ቤቴን ፈልጎ መጣ። ደርበው «የሚስቴ እኅት አዲስ አበባ ኑግ ታጠናለች» ብሎ ነግሮት ኖሯል፤ በዚያ እየጠየቀ ነው ያገኘኝ።

«አብረን ነበርን» አለኝ። «ናቅፋ ላይ፣ ምሽግ ውስጥ። ከባድ መሣሪያ ወደቀብን። እኔን እግሬን መታኝ፤ እሱን ደረቱን።»

«ተናግሮ ነበር?» አልሁት።

«አልተናገረም። ውኃ አጠጣሁት፤ ወዲያው ዐረፈ።»

«የት ተቀበረ?»

አቀረቀረ። «እኔን በቃሬዛ ይዘውኝ ወረዱ፤ እሱ እዚያው ነው» አለኝ። ሻይ አስመጣሁለት፤ ሳይጠጣው ተነሥቶ ሄደ።

በዚያ ሰሞን አንቺ ከመኪና ወርደሽ ትኩሳት ላይ ነበርሽ። ትዳን ብዬ ቆየሁ። ስትድኚ ጎጆሽን ትሥራ አልሁ። ጎጆሽን ስትሠሪ ደግሞ እሱ ሲመጣ የሚሆን መደብ ሠራሁ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ በኋላ ብዕር ባነሣሁ ቁጥር የሚመጣልኝ ኑጉ ብቻ ሆነ።

እኔ አጠገብሽ የለሁም። አጠገብሽ ያሉትን ግን እማጸናለሁ፤ ብቻዋን አታድርጓት።

የሻረግ


በለስ
ኅዳር 30 ቀን 1979 ዓ.ም.

እትዬ የሻረግ፣

ቄሱ አረዱኝ። ሰው ወደ የጋራ እርሻው ከመውጣቱ በፊት፣ ጎሕ ሲቀድ መጡ። በሬን ከፍቼ ሰዎቹን ከኋላቸው ተሰልፈው ሳይ ደብዳቤውን ማንበብ አላስፈለጋቸውም። እንዲያነቡት ግን ለመንኋቸው፤ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

አልተቆጣሁሽም። እኔ ብሆንም የማደርገው ያንኑ ነው።

የኑጉን ዘር ልላክልሽ ብለሽ ነበር፤ አትላኪ። እዚህ ኑግ ሞልቷል፣ ንብም ሞልቷል። እዚያው ይቀመጥ።

ለቅሶውን ልንገርሽ። ደርበውን ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው በመንደሩ የለም። «በምን እናልቅሰው? ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው ሴቶቹ ጠየቁኝ። ቁመቱን ነገርኋቸው። ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ እንደሚጥል ነገርኋቸው። እርፍ ሲይዝ ግራኝ እንደነበረ ነገርኋቸው። አንዷ ያንን ይዛ ሙሾ አወረደች፤ ሌሎቹ ተቀበሏት። ጥቂት እንደቆዩ ግን የደርበው ስም ጠፋ። አንዷ ወንድሟን፣ አንዷ ኮረም የቀበረቻቸውን ልጆቿን እየጠራች ማልቀስ ጀመረች። ወንዶቹም እንዲሁ። እዚህ አገር ስንገባ ማንም የሞተበትን ሳያለቅስ ነበር ሥራ የጀመርነው። ያን ቀን እርሻ የወጣ የለም፤ ኃላፊዎቹም መጥተው አይተው ተመለሱ።

ከጎኔ ጎጆ የምትኖር የከምባታ ሴት አለች። አማርኛ ብዙ አትችልም፤ እኔም የእሷን አልችልም። እስከዚያ ቀን ውኃ ስንቀዳ ራስ ከመነቅነቅ በቀር አልተነጋገርንም። ሰው ሲበተን እሷ አልሄደችም። አጠገቤ ተቀመጠችና «ስሙ ማን?» አለችኝ።

«ደርበው» አልኋት።

«ደርበው» አለች፤ ትንሽ አጣመመችው፣ ግን ደርበው አለች። በአፏ ስሰማው እንባዬ እንደ አዲስ ፈሰሰ።

ከዚያ እኔ ደግሞ በእጄ ወደ እሷ አመለከትሁና «ያንቺስ?» አልኋት። እዚህ በመጣን በወሩ በወባ የሞተች ልጅ ነበረቻት። የልጇን ስም ነገረችኝ። ምላሴ አልያዘውም። ደገመችልኝ፤ እንደገና ሳትሁት። እየሳትሁ፣ እሷም ሳትሰለች እያረመችኝ፣ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ እዚያው ተቀመጥን።

አሁን እችለዋለሁ።

ገለቴ